የፍሬን ሸራን በቤት መለወጥ፦ ስለ እጅ ሥራ፣ ስለ ልኬትና ስለ ኃላፊነት



ዛሬ እንድናገርበት የመረጥሁት ርእስ ከዚህ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ ሊመስላችሁ ይችላል። የምናገረው ያለቀ የፍሬን ሸራን ባለመኪናው ራሱ በግቢው ውስጥ ስለ መለወጡ ነው። ርእሱን ስመርጥ ሁለት ዓላማ ነበረኝ። አንደኛው፣ በክፍል ውስጥ በየተራ የምናስተምራቸው የጉልበት አለመጥፋት ሕግ፣ የፓስካል ሕግ፣ የሰበቃና የሙቀት ትምህርት መዳፍ በምታክል አንዲት ቁራጭ ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ማሳየት ነው። ሁለተኛው አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፦ ጉድለቱ የሌላውን ሰው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችልን ሥራ፣ ሙያው ያልሆነ ሰው በቤቱ ሊሠራው ይገባልን? የሚገባውስ ከሆነ በምን ሁኔታ?

ከስሙ ልጀምር። ፍሬን የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የተወሰደ ነው፤ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ የሚሉትም የዚያው ወገን ናቸው። ሸራ ግን ለድንኳንና ለጫማ የሚሆነው ወፍራም ጨርቅ ስም ነው። ዛሬ ከመለዋወጫ ሱቅ የምንገዛው ሸራ ጨርቅ አይደለም፤ የብረት ብናኝ፣ ልዩ ልዩ ክሮች፣ ግራፋይትና ሌሎች ማዕድናት ተደባልቀው፣ በሙጫ ተይዘው፣ በሙቀትና በግፊት በብረት ሳህን ላይ የተጣበቁበት ጠጣር አካል ነው። ሆኖም ስሙ ከነገሩ ታሪክ ጋር ይስማማል። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 ፌሮዶ የተባለውን ሥራ ከጀመረ በኋላ በቀደሙት ዓመታት ካዘጋጃቸው የፍሬን ሽፋኖች መካከል ከጥጥ የተሸመኑ ጨርቆች ይገኙባቸው ነበር። ጥጥ ሙቀት ሲበረታበት ስለሚያርር ቦታውን ለአስቤስቶስ ለቀቀ። አስቤስቶስም በተራው ሳንባን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በብዙ አገሮች ታገደ። ስለዚህ በአንዲት ሸራ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ የምርምር ታሪክ አለ፤ የታሪኩም ጥያቄ ምንጊዜም አንድ ነው፤ ሙቀትን የሚችል፣ ዲስኩን የማይበላ፣ ሠራተኛውንም የማይገድል ነገር ከምን ይሠራል?

ፍሬን ምን ይሠራል ብለን ብንጠይቅ «መኪና ያቆማል» የሚለው መልስ ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል። ፍሬን የመኪናውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ክብደቷ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነች መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ የተሸከመችው የእንቅስቃሴ ጉልበት 167,000 ጁል ያህል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነውና ይህ ጉልበት 20 ዲግሪ ላይ ያለን ግማሽ ሊትር ውሃ ለማፍላት ይበቃል። እያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ መቆም አንድ ጀበና ውሃ እንደ ማፍላት ነው ብላችሁ አስቡት፤ ልዩነቱ ጀበናው ደቂቃዎች ሲፈጅ ፍሬኑ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚህም ሙቀት የሚበዛውን የሚቀበሉት የፊት ዲስኮችና ሸራዎች ናቸው፤ መኪና ስትቆም ክብደቷ ወደ ፊት ያጋድላልና። ፍጥነቱ ከ60 ወደ 80 ከፍ ቢል፣ ማለትም በአንድ ሦስተኛ ቢጨምር፣ ሙቀቱ ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል። በቀመሩ ውስጥ ፍጥነት በራሱ የሚባዛ መሆኑ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር አይደለም።

አሁን ይህችኑ መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነሥታ ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ እንመልከታት። የቁልቁለቱ ጥልቀት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ሒሳቡን ለማቅለል 1,000 ሜትር ብቻ ብንወስድ፣ በከፍታዋ ምክንያት የያዘችው ጉልበት ወደ 11.8 ሚሊዮን ጁል ይደርሳል። ይህ ማለት ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተነሥቶ ሰባ ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ እየወረደ ሞተሩ ከዚህ ሸክም ድርሻውን እንዲይዝ ካላደረገ ሙቀቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል ሙጫው እየፈረሰ ጋዝ ይተፋል፤ ሰበቃውም ይቀንሳል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ መቻል ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መጠን 140 ዲግሪ ብቻ ነው። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ይታመቃል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይወርዳል። ያለቀ ሸራ ይህን አደጋ ያባብሰዋል፤ የሳሳው ሸራ ሙቀቱን ከዲስኩ ወደ ፒስቶኑና ወደ ዘይቱ ለመከላከል ያለው አቅም ያነሰ ነውና።

ሁለተኛው መሠረት የፓስካል ሕግ ነው። እግራችን ፔዳሉን ሲረግጥ በታሸገው ዘይት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል፤ ሰፊ ፒስቶን ደግሞ ከዚያው ግፊት ብዙ ኃይል ያወጣል። ሸራው በሳሳ ቁጥር ፒስቶኑ ከቤቱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የለቀቀውንም ክፍተት ዘይት ይሞላዋል። በዚህ የተነሣ በሞተሩ ክፍል ባለችው የዘይት መያዣ ውስጥ ያለው መጠን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ብዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ ዘይት ይጨምራሉ። የዘይት ማነስ ግን ወይ ማፍሰስን ወይም የሸራ ማለቅን የሚናገር ምልክት ነው፤ ሳይጠይቁ መጨመር ምስክሩን ዝም ማሰኘት ይሆናል። አዲስ ሸራ ሊገባ ፒስቶኑ ወደ ኋላ ሲገፋም ያ የተጨመረ ዘይት ሞልቶ ይፈሳል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ የመኪናን ቀለም ይልጣል።

ሸራ ማለቁን በምን እናውቃለን? ጆሮ የመጀመሪያውን ወሬ ያመጣል። በብዙ ሸራዎች ላይ ቀጭን የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲወርድ ዲስኩን እየነካች ታፏጫለች። ፉጨቱ ወደ መፋቅ ከተለወጠ ብረት ከብረት መገናኘቱን ያመለክታል፤ በዚያን ጊዜ ዲስኩም አብሮ ይጎዳል። ይሁን እንጂ ጆሮ መለኪያ አይደለም። የአዲስ ሸራ ውፍረት ሳህኑን ሳይጨምር 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ጥሩ ልማድ ነው፤ የመጨረሻው ወሰን ግን በአምራቹ መመሪያ የተጻፈው ነው። ሲለካ ደግሞ የግራውም የቀኙም፣ የውስጡም የውጩም ሊለካ ይገባል። የውስጠኛው ከውጩ ይልቅ ብዙ ካለቀ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀዋል፣ ወይም ፒስቶኑ አልመለስ ብሏል ማለት ነው። የአንዱ ጎማ ሸራ ከሌላው ቀድሞ ካለቀ እንደዚሁ ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል። ያለቀ ሸራ ሰነድ ነው፤ ሳይነበብ አይጣልም። ሳያነብ የለወጠ ሰው ሸራውን አዲስ አደረገ እንጂ ፍሬኑን አልጠገነም።

ወደ ሥራው ልግባ። የምናገረው በብዙ አነስተኛ መኪኖች ላይ ስለሚገኘው የፊት የዲስክ ፍሬን ነው። መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ማርሽ ይገባል፤ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረጋል። የጎማው ዳዶዎች የሚላሉት ጎማው ገና መሬት ረግጦ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው በክሪክ ይነሣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ክብደቱን የሚሸከመው ለዚሁ የተሠራ የብረት ካቫሌቶ መሆን አለበት፤ የሚቀመጠውም አምራቹ ባመለከተው ጠንካራ የሻንሲ ክፍል ሥር ነው። በየግቢው የሚገኘው ብሎኬት ለዚህ አይሆንም። ብሎኬት በግድግዳ ውስጥ የተሰራጨ ጭነትን ይችላል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚያርፍ የብረት ጫና ግን ሳያስጠነቅቅ ያፈርሰዋል። ካቫሌቶ የሌለው ሰው ሥራውን አይጀምር።

ጎማው ከወለቀ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ወገን ብቻ ይፈታል፤ ያልተፈታው ወገን ለገጠማው መመልከቻ ይሆናል። የሸራ ለውጥ ግን ምንጊዜም በጥንድ ነው፤ የግራውን ብቻ የለወጠ ሰው ሲረግጥ ወደ አንድ ጎን የምትስብ መኪና ያገኛል። የካሊፐሩ የታችኛው ቡሎን ሲፈታ ካሊፐሩ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ፈጽሞ የሚወጣ ከሆነም በሽቦ ይታሰራል እንጂ በጎማ ቱቦው አይንጠለጠልም። ቱቦው ውስጡ ሲቀደድ ከውጭ አይታይም። የተጠራቀመው ጥቁር ብናኝ በአየር ወይም በአፍ አይነፋም። በአሮጌ ወይም ምንጩ በማይታወቅ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና፣ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ለፍሬን በተሠራ ማጽጃ ይጠረጋል፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈናል። በናፍጣ ማጠብ ቅባት ስለሚያስቀር ሰበቃን ይገድላል፤ በቤንዚን ማጠብ ደግሞ እሳት መጥራት ነው።

ቀጥሎ ዲስኩ ይመረመራል። አምራቾች ዲስኩ ሊደርስበት የሚችለውን ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ በዲስኩ ላይ ይቀርጹታል። ከዚያ በታች የወረደ፣ የተሰነጠቀ ወይም በጥልቅ የታረሰ ዲስክ አዲስ ሸራ ቢለብስም አይድንም። ፒስቶኑ በሞርሳ ቀስ ተብሎ ወደ ቤቱ ይገፋል፤ አሮጌውን ሸራ በመካከል ማድረግ ግፊቱን እኩል ያዳርሳል። ይህ ሲሠራ የዘይቱ መያዣ ክዳን ይከፈታል፤ ሊሞላ ከቀረበም ትርፉ አስቀድሞ ይቀነሳል። በአንዳንድ መኪኖች የኋላው ፒስቶን እየተሽከረከረ እንጂ ተገፍቶ አይገባም፤ የእጅ ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪኖች ደግሞ አስቀድሞ ሞተሩ በመሣሪያ ወደ ኋላ እንዲመለስ ይጠይቃሉ። በጉልበት የሞከረ ይሰብረዋል።

አዲሱ ሸራ ከመግባቱ በፊት የሚቀመጥበት ቦታ ከዝገት ይጸዳል። ሙቀት የሚችለው የፍሬን ግራሶ በሸራው ጆሮዎችና በጀርባው ላይ በስሱ ይቀባል፤ ለዘንጎቹ ደግሞ ጎማን የማይበላ፣ መመሪያው የሚያዝዘው ግራሶ ይሰጣቸዋል። ዲስኩን የሚነካውን ፊት ግራሶም፣ ዘይትም፣ ወዛም ጣትም ሊነካው አይገባም። ቡሎኖቹ የሚጠብቁት በመመሪያው መጠን ነው። ለምሳሌ በብዙ የቶዮታ አነስተኛ መኪኖች የጎማው ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ማለት ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ የ35 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ማሳረፍ ነው። ቁልፉ ላይ ቆሞ የሚረግጥ የ70 ኪሎ ሰው ከሚፈለገው እጥፍ ያጠብቃል፤ የቡሎኑንም ጥርስ ይስባል። «እስኪበቃው አጠበቅሁት» የሚለው አነጋገር በእጅ ልምድ ለኖረ ሰው ትርጉም አለው፤ ለጀማሪ ግን ቁጥርና መለኪያ ያስፈልጉታል።

አሁን በጠቅላላው ሥራ ውስጥ እጅግ አደገኛ ወደ ሆነው ቅጽበት ደርሰናል። ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ጎማው ገብቷል፤ መኪናው ወርዷል። ነገር ግን ፒስቶኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለ ነበር በእርሱና በሸራው መካከል ክፍተት አለ። የመጀመሪያው ርግጫ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ያወርደዋል እንጂ መኪናውን አያቆመውም። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ከፍ ብሎና ጠንክሮ እስኪቆም ድረስ። የዘይቱም መጠን እንደ ገና ይታያል። ከዚያም መኪናው በግቢው ውስጥ በዝግታ ተነድቶ ይሞከራል። ይህን ረስቶ በቁልቁለት ደጅ የወጣ ሰው መኪናው የሚቆምበትን ቦታ ራሱ አይመርጥም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ብሂል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝለትም።

አዲስ ሸራ ገና ሙሉ ፍሬን አይደለም። ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት፤ ከሸራው የሚወጣ ስስ ንጣፍ በዲስኩ ፊት ላይ እኩል መነጠፍ ይኖርበታል። ሸራው አምራች የተለየ መመሪያ ካልሰጠ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ወደ 10 እስኪወርድ ድረስ በመጠነኛ ርግጫ ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ማብረድ፣ በየመካከሉም ማቀዝቀዝ በቂ ነው። በግለቱ ጊዜ መኪናውን አቁሞ ፔዳሉን እንደ ረገጡ መቆየት ንጣፉ በአንድ ቦታ እንዲወፍር ያደርጋል፤ በኋላም ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል።

የት ላይ መቆም እንዳለበት ማወቅም የሥራው ክፍል ነው። ዘይት የሚያፈስ ቦታ ከታየ፣ የፒስቶኑ ጎማ ከተቀደደ፣ ዘንጎቹ ከደረቁና ካልተላቀቁ፣ ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ከሥራው በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ባለቤቱ ቁልፉን አስቀምጦ ባለሙያ ይጥራ። መኪናውም ወደ ባለሙያው አይነዳም፤ ባለሙያው ይምጣ ወይም መኪናው ይጫን።

ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። ሙያው ያልሆነ ሰው ይህን ሥራ በቤቱ ሊሠራው ይገባልን? በእኔ አስተያየት ይገባዋል፤ ግን የሚገባው በመብት ብቻ ሳይሆን በግዴታም ጭምር ሲይዘው ነው። «መኪናው የእኔ ነው» የሚለው ክርክር አይበቃም። በማቋረጫው ላይ የምትሻገረው ተማሪ የዚያን መኪና ሸራ ማን እንደ ለወጠው አታውቅም፤ ፈቃዷንም አልሰጠችም። እርሷ የምታምነው የማታየውን ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ሥራው በቤት ተሠራ ወይስ በጋራዥ የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ ተለክቶ ነው የተሠራው? ሌላ ዓይን አይቶታል? የሚለው ነው። በጋራዥ ሳይለካና ሳይታይ የተሠራ ሥራ፣ በቤት ተለክቶና ተመርምሮ ከተሠራው አይሻልም። የአውሮፕላን ጠጋኞች የአንዱን ወሳኝ ሥራ ሌላው እንዲመረምረው የሚያደርጉት እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ አይደለም፤ የሰው ትኩረት ወሰን እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። በግቢያችንም ይህን መኮረጅ አይገደንም፦ የሥራውን ቅደም ተከተል በወረቀት መጻፍ፣ የለኩትን ቁጥር መመዝገብ፣ በመጨረሻም አንድ ሰው በዝርዝሩ መሠረት እያንዳንዱን ቡሎን እንዲያይ መጠየቅ።

ይህን ስል የመካኒኮችን ሙያ ማቃለሌ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ በእጁ የሞከረ ሰው የመካኒኩን ዋጋ ያውቃል፤ ምን እንደሚጠይቅም ያውቃል፤ ያለቀውን ሸራ እንዲያሳየው፣ የዲስኩን ውፍረት እንዲነግረው ይጠይቃል። ጥሩ መካኒክ የሚያውቅ ደንበኛን አይፈራም።

አንድ የታሪክ ግጥምጥሞሽ እነሆ። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። መኪናውና ዐዋጁ በአንድ ዓመት መጡ ማለት ነው። መኪናውን ፈጥነን ተቀበልነው፤ የዐዋጁን መንፈስ ግን ገና አልጨረስነውም። እጁ በግራሶ የጠቆረ ሰው ቀመር አያውቅም፣ ቀመር የሚያውቅ ሰውም እጁን አያቆሽሽም የሚለው ክፍፍል ዛሬም በመካከላችን አለ። ፍሬን ግን ይህን ክፍፍል አይቀበልም። የፓስካልን ሕግ የሚያውቅ ሆኖ ፔዳሉን መርገጥ የረሳ ሰው ይገጫል፤ ዘንጎቹን ማቅባት የሚያውቅ ሆኖ የሙቀቱን ሒሳብ ያልገመተም በቁልቁለት ላይ ፍሬን ያጣል።

ለተማሪዎች አንድ የቤት ሥራ ልተው። በአካባቢያችሁ ካለ ጋራዥ አንድ ያለቀ ሸራ ለምናችሁ ውሰዱ፤ አይከለክሏችሁም። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፤ ውፍረቱን በአራቱም ማእዘኖች ለኩ፤ ቁጥሮቹ ካልተካከሉ ለምን እንዳልተካከሉ በአንድ ገጽ ጻፉ። ከዚያም የጻፋችሁትን ሸራውን ለሰጣችሁ መካኒክ አንብቡለት። እርሱ የሚጨምርላችሁን ወይም የሚያርምላችሁን ነገር በገጹ ግርጌ አስፍሩና ወደ ክፍል ይዛችሁ ኑ፤ በዚያ ላይ እንነጋገራለን።